ሁለቴ ያገቡት በረኛ

ኦቦ ቶሎሳ አምቦ ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በረኛ ነበሩ። የእሳቸውን ታሪክ ይዤ አንድ የእግር ኳስ ልብወለድ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ይገባባቸውና ያለቅሳሉ። ልብወለዱ ፊልም ሆኖ ከተማችን ቪዲዮ ቤት ሲመጣ፣ እሳቸውንና ባለቤታቸውን አዴ ጫልቱን ይዤ ገባሁ።

የፊልሙ ሰዎች «በረኛ መቼ ጎል ያገባል?» ብለው ነው መሰለኝ፣ ሰውዬውን አጥቂ አድርገዋቸው ቁጭ! የፊልሙ ቶሎሳ ጎል አገቡ፤ ወዲያው ደግሞ የአሠልጣኙን ልጅ አገቡ። ተመልካቹ ሲያጨበጭብ አጠገቤ የተቀመጡት ኦቦ ቶሎሳ ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

«ይቺ ማናት?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ፊልም ነው እኮ!»

«ፊልም ከሆነ አንተን ምን አስነሳህ?»

ኦቦ ቶሎሳ ላብ በላብ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ዋቃ! ደራሲው አንተ አይደለህ? ንገራት እንጂ!»

«አዴ ጫልቱ፣ እውነቴን ነው፤ መጽሐፉ ላይ ይቺ ልጅ የለችም» አልኩ።

በረድ አሉ። «እኔስ አለሁ?»

ምን ልበል? መጽሐፉ ስለ ኳስ ብቻ ነው። «የሉም» አልኳቸው።

«እነሱስ ቢያንስ ሚስት ሰጥተውታል፤ አንተ ግን ወንደላጤ አድርገህ አስቀረኸው!»

ባልና ሚስቱ እዚያው ታርቀው ተያይዘው ወጡ። እኔን ግን አዴ ጫልቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።