ዘንድሮ ያልተለኮሰው የኅዳር ክምር

ጋሽ አምባው ኅዳር አሥራ ሁለት ገና በማለዳ ከደጃቸው ቆመው ክምራቸውን ሲያዩ ልባቸው ሞላ። ፌስታል፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ፣ ምኑ ቅጡ! ወሩን ሙሉ በቃሊቲ መጋዘኖች ጓሮ ሲለቅሙ የከረሙት ነው። በዚህ ቀን ሰው ሁሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ በሽታ ያባርራል፤ የእሳቸው በሽታ ግን እቤት ውስጥ ነው ያለው። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሰለች ደረታቸው እየታፈነ ከተኙ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ዘንድሮ ጭሱ መብዛት አለበት ብለው ቆርጠዋል።

ክብሪቱን ሊጭሩ ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ሶሊያና ወደ ሥራዋ ስታልፍ ደረሰች። ኬሚስትሪ ተምራ፣ እዚያው ሰፈር ፕላስቲክን ወደ ነዳጅ የሚለውጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ውስጥ ትሠራለች።

«እንደምን አደሩ ጋሽ አምባው? እባክዎ ይሄን አይለኩሱት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለምን ሲባል?»

«ጭሱ መርዝ ነው። እትዬ መሰለች ደግሞ መስኮቱ ሥር ነው የተኙት።»

«ለእሷ ብዬ አይደል እንዴ የምለፋው! ኅዳር ሳይታጠን ይለፍ ነው የምትይኝ? ያስተማሩሽ ይሄንን ነው?»

ሶሊያና ከክምሩ ፊት ሄዳ ቆመች። ምን ዓይነት ደፋር ናት! የጋሽ አምባው ደም ፈላ።

«ዞር በይ አልኩሽ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልዞርም። እኛ ይሄንኑ እንፈልገዋለን፤ ነዳጅ ይወጣዋል።»

«አየሽ! እናንተም ታቃጥሉታላችሁ። መርዝ የሚሆነው እኔ ሳቃጥለው ነው?»

«አናቃጥለውም። አረቄ ሲወጣ አይተው የለ? ድፍድፉ በማሰሮ ታፍኖ ይሞቃል፤ እንፋሎቱ በመቃ ሄዶ፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። የእኛም እንደዚያው ነው። ፕላስቲኩ የሚሞቅበት በርሜል አየር ስለማይገባው አይነድም፣ ይተናል። እንፋሎቱ ካታሊስት በሚባል፣ ሸክላ በሚመስል ነገር ውስጥ ሲያልፍ ይሰባበርና ይቀጥናል። ሲቀዘቅዝ ዘይት ይሆናል። ዘይት ሳይሆን የተረፈውንም ጋዝ መልሰን ለማሞቂያው እንጠቀምበታለን።»

ጋሽ አምባው የእናታቸውን የአረቄ ማሰሮ ያውቁታልና ነገሩ ገባቸው። ግን ሰው እልህ ከያዘው የገባውንም ነገር አልቀበልም ይላል።

«ዘይቱስ ምን ሊረባ?»

«ለፋብሪካ ማሞቂያ ይሆናል፤ ሲጣራ ደግሞ ለናፍጣ ሞተር። ሁሉም ፕላስቲክ ግን አይሆንም። ይሄን የገመድ ልባስ እኛ እንኳ ለይተን እናወጣዋለን፤ ሲሞቅ አሲድ ይተፋል። እርስዎ ለእትዬ መሰለች ሊያጥኑት ነው!»

«ጭስ በሽታ ያባርራል!» ብለው ጮኹባት። «አምና አሳንሼ ባጥን አይደል እንዴ ሆስፒታል የገባችው!»

ሶሊያና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መቼ ነበር የገቡት?» አለች።

«ኅዳር አሥራ...» ጋሽ አምባው አፋቸው ተያያዘ። «አሥራ ሦስት። በታጠነ በማግስቱ።»

ወዲያው ከሌላው ጎረቤታቸው ከፈቀደ ግቢ ጥቁር ጭስ አጥሩን ተሻግሮ መጣ፤ ከውስጥም የወይዘሮ መሰለች ሳል ተሰማ። ተያይዘው ሮጡ። ወይዘሮ መሰለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን ይዘው፣ አየር አጥተዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሶሊያና መስኮቱን ዘግታ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒታቸውን ከራስጌያቸው አንሥታ ሰጠቻቸው። ጋሽ አምባው «መሰሉ፣ መሰሉዬ!» ከማለት በቀር የሚሠሩት ጠፋቸው። እንዲህ ፈርተው አያውቁም።

የወይዘሮ መሰለች ትንፋሽ ቀስ በቀስ ሲመለስ ጋሽ አምባው ተነሥተው እየሮጡ ወደ ፈቀደ ሄዱ።

«አጥፋው!»

«ምነው ጋሽ አምባው? የአባቶቻችን ወግ አይደለም እንዴ?»

«ማጽዳቱን ማን ተው አለህ? ልቀም፣ ሰብስብ፤ ከዚያ ለእነ ሶሊያና ስጣቸው። እዚያ ሄዶ ነዳጅ ይወጣዋል። ቱቦአችን አይደፈንም፣ ከብት ፌስታል በልቶ አይሞትም፣ ለቃሚውም እንጀራ ይበላበታል። የሚነድ ዘይት የሚሆነውን ነገር እኛ ሳንባችን ውስጥ እንጨምረዋለን!»

«ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል። አምና ሚስቴን ሆስፒታል ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ ፈቀደ። በገዛ እጄ።»

ፈቀደ እሳቱን የሚያጠፋበት ውሃ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ገባ።