ከአጥር በላይ የሚያይ አውሮፕላን

አዲስ አበባ፣ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር፤ ጋሽ ደባልቄ አንድ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘው ጎረቤታቸው እትዬ ስንዱ በር ላይ ቆመዋል።

ስንዱ፦ እግዜር ይማርዎት ጋሼ። ሳንባ ነው ጉበት?

ደባልቄ፦ የምን ሳንባ?

ስንዱ፦ ራጅ ይዘው መጡ ብዬ ነዋ!

ደባልቄ፦ ራጅ አይደለም፣ ሰፈራችን ነው! በደርግ ጊዜ ከአውሮፕላን የተነሳ። ይቺ ነጯ ቤቴ ናት። ነገ ይዞታዬን ሊለኩ ይመጣሉ፤ «ግቢው ከድሮም እስከ ወንዙ ነበር» ብለሽ መስክሪልኝ።

ስንዱ፦ ወንዙ የቱ ነው?

ደባልቄ፦ ይሄ ጥቁሩ።

ስንዱ፦ በምን አወቁት? ይሄ እኮ አይገማም።

ደባልቄ፦ ጀመረሽ ደግሞ!

ስንዱ፦ የሽንት ቤትዎን ቱቦ ወንዙ ላይ ከለቀቁት ወዲህ እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ እህል ቀምሼ አላውቅም። ዛሬ ጠዋትም አረፋ ደፍቆ ሲወርድ አይቼ ቁርሴን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ደባልቄ፦ ዝናብ ያጥበዋል።

ስንዱ፦ አጥቦ እኔ ደጃፍ ያመጣዋል።

ደባልቄ፦ ስለ ቱቦ አልመጣሁም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲሉ አልሰማሽም?

ስንዱ፦ ሰምቻለሁ። ይቺ በቤትዎና በወንዙ መሀል ያለችው ነጭ መስመርስ?

ደባልቄ፦ ጭረት ናት። ፎቶው አርጅቷል።

ስንዱ፦ ጭረት ተጠማዝዛ ድልድይ ትሻገራለች? መንገዳችን ናት እንጂ! አጥርዎ እያሳሳቀ የበላት።

ደባልቄ፦ ማን ይሄድባት ነበር?

ስንዱ፦ የእድሩ ቃሬዛ። እናቴ ያረፈች ቀን ግን መንገዷ ታጥራ አስከሬኗን በቱቦዎ ሥር ነው ያሳለፍነው። ተሸካሚዎቹ በአንድ እጅ ቃሬዛ፣ በአንድ እጅ አፍንጫ ይዘው!

ደባልቄ፦ ለዚያ ይቅርታ ጠይቄሽ የለ?

ስንዱ፦ ጠይቀዋል፤ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው።

ደባልቄ፦ በሞቴ ስንዱ! ካልመሰከርሽልኝ ግማሹ ግቢ ይሄዳል።

ስንዱ፦ እሺ፣ እመሰክራለሁ።

ደባልቄ፦ ተባረኪ! ምን ትያለሽ?

ስንዱ፦ ምንም። ይሄን ፎቶ ይዤ መቆም ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ አጥር ያባውን ደግሞ አውሮፕላን።

ደባልቄ፦ ኧረ መልሺልኝ! እሱን ካዩማ አለቀልኝ!

ስንዱ፦ ራጅ ነው ስልዎ መች ሰሙኝ?