በስሜ ኖርዌይ የሄደችው ዘሪቱ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሪት ወይንእሸት ስጦታው ኃይለ ጊዮርጊስ
ዕድሜ፦ 19 ዓመት
የትምህርት ደረጃ፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች
ሥራ፦ የታዳጊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ
አድራሻ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ሐምሌ 24 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 2፡40
ተጠርጣሪ፦ አቶ ደምለው ወልደ ኪዳን
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ሰማው ይስማው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ዛሬ ወደ ፖሊስ የመጣሁት መጥሪያ ሳይደርሰኝ በራሴ ፈቃድ ነው። ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኛል። በቅድሚያ እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው፣ ሐምሌ 9 ቀን 2004 ዓ.ም. በቤታችን ተጠይቄ ስለ ፓስፖርቱ የማውቀው ነገር የለም ብዬ የመለስኩት እውነት አለመሆኑን ነው። አውቃለሁ። በ1999 ዓ.ም. በእኔ ስም ፓስፖርት አውጥታ ከአገር የወጣችው የሞጣ ከተማ ተወላጅ የሆነችው ዘሪቱ ጓዴ ናት። የልደት ምስክር ወረቀቴን በእጇ የሰጠኋትም እኔ ነኝ።

አቶ ደምለውን የማውቃቸው የስፖርት መምህሬ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በመጋቢት ወር 1999 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በሚደረግ ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች እግር ኳስ ውድድር ላይ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ሴቶችን እንድናሰልፍ ግብዣ መጥቷል ብለው ከቢቸናና ከሞጣ አሥራ ስድስት ልጆች መረጡ። እኔ በዚያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስሆን በግራ ክንፍ እጫወት ስለነበር 11 ቁጥር ማልያ ደረሰኝ። የሞጣዎቹ ልጆች ዓርብ ዓርብ በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ እየመጡ ከእኛ ጋር ሲለማመዱ ሰንብተው እሑድ ከሰዓት ይመለሱ ነበር። ማደሪያቸው በየተጫዋቹ ቤት ሲደለደል ለእኛ ቤት የደረሰችው ዘሪቱ ነበረች።

ዘሪቱ ከተመረጡት መካከል አልነበረችም። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት ስለነበር በዕድሜዋ ምክንያት እንደማትሄድ አቶ ደምለው በመጀመሪያው ቀን በሁላችን ፊት ነግረዋታል። እርሷ ግን ልምምድ ብቻ ልሥራ ብላ ለመነቻቸው፤ ፈቀዱላት። ከዚያ በኋላ አንድም ዓርብ አልቀረችም። እንደማትሄድ እያወቀች ያን ሁሉ መንገድ ለምን እንደምትመላለስ ስጠይቃት፣ ሜዳ ላይ ስትሆን ስለ ሌላ ነገር እንደማታስብ ነገረችኝ። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ያወቅሁት በግንቦት ወር ነው። በመጪው ጥር ሊድሯት ቀን ተቆርጦ ነበር። ሰውየውን አንድ ጊዜ፣ እርሱንም ከሩቅ አይታዋለች። ይህን የነገረችኝ ማልያዎቻችንን አጥበን አጥር ላይ ስናሰጣ ነው። የእኔን ማልያ ከሌሎቹ ለይታ ቁጥሩ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ ነበር የምታሰጣው።

ቅዳሜ ሰኔ 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ በልምምድ ላይ ሳለሁ ቀኝ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጉልበቴ ዞረ። ዘሪቱ ሆን ብላ ጎድታሽ እንደሆነ ተናገሪ ተብዬ ስጠየቅ፣ በዚያች ሰዓት ዘሪቱ ከሜዳው ማዶ እንደነበረችና ማንም ሰው እንዳልነካኝ አረጋግጣለሁ። ከወደቅሁበት አንስታ አዝላ እስከ መንገድ ያደረሰችኝ እርሷ ናት። ደብረ ማርቆስ ተወስጄ እግሬ በጀሶ ታሰረ። ሁለት ወር መሬት እንዳልረግጥበት ታዘዝኩ። ለጉዞው የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ሰኔ 15 ቀን ዘሪቱ ከአውቶቡስ ወርዳ ልምምድ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ከጎኔ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀቴንና አባቴ ከአገር እንድወጣ የፈቀዱበትን ደብዳቤ ከሳጥን አውጥቼ ሰጠኋት። በወረቀቶቹ ላይ ፎቶግራፍ አልነበረባቸውም። የተናገርኩት ቃል "ውሰጂው፤ እኔ ካልሄድኩ ስሜ ይሂድ" የሚል ነበር። አልወስድም አለች። ቅዳሜም አልወስድም አለች። እሑድ ጧት ግን ወረቀቱን እጥፍ አድርጋ በእጇ ይዛ አገኘኋት።

አቶ ደምለው አስገድደውሽ ወይም ጥቅም ተቀብለው እንደሆነ አስረጂ ተብዬ ስጠየቅ፣ አላስገደዱኝም፤ ከማንም ምንም አልተቀበሉም። እንዲያውም ሐሳቡን ሲሰሙ ተቆጥተው ሁለት ጊዜ መልሰውናል። በሦስተኛው፣ እሑድ ሰኔ 24 ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ፣ እኔ በምርኩዝ ዘሪቱም እየደገፈችኝ ቤታቸው ድረስ ሄድን። እኔ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ወረቀቱን ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። አዎን ብለው አልተናገሩም። ጥፋታቸው ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ጥፋት አላውቅባቸውም።

ቡድኑ ሐምሌ 15 ቀን 1999 ዓ.ም. ከቢቸና ሲነሳ ልሸኝ አልሄድኩም። የአውቶቡሱን ጥሩምባ ግን ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። ቀኖቹን እየቆጠርኩ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ናቸው፣ ዛሬ ተሳፈሩ፣ ዛሬ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ዝናቡ በቆመ ቁጥር በሰው ትከሻ ተደግፌ እስከ ሜዳው ጫፍ እሄድና እቀመጥ ነበር። ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም።

ሐምሌ 30 ቀን የሄዱት አሥራ ስድስት ሆነው ሳለ አሥራ አምስት ተመለሱ። አቶ ደምለው ቤታቸው ሳይገቡ ወደ እኔ መጥተው፣ ሦስት ጨዋታ ተጫውተን አንዱን አሸነፍን፣ በአሸነፍነው ጨዋታ ላይ ዘሪቱ በግራ እግሯ አገባች፣ በመመለሻችን ቀን ጧት ግን ካደርንበት ትምህርት ቤት ወጥታ ቀረች አሉኝ። ለጋበዘን ድርጅት መጥፋቷን እንዳስታወቁም ነገሩኝ፤ ሆኖም እኛን ሊጠይቅ የመጣ ሰው አልነበረም። ጎሉ ሲገባ የአግቢዋ ስም በድምፅ ማጉያ መጠራቱን ሲነግሩኝ፣ እንዴት አድርገው እንደጠሩት ደጋግሜ አስነገርኳቸው። "እሸት" የሚለውን ማለት አቅቷቸው ነበር አሉኝ። ያም ሆኖ ስሜ በዚያ ሜዳ ተጠርቷል። ሰው በሌለበት ስሜን በእነርሱ አጠራር ለራሴ እየጠራሁ ስቄም አልቅሼም አውቃለሁ።

በማግስቱ አቶ ደምለው ለእናቷ ለወ/ሮ ውበቴ ለመንገር ሞጣ ሲሄዱ እኔም በምርኩዝ አብሬ ሄድኩ። ወ/ሮ ውበቴ ነገሩን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ብርድ ነው አሉ አገሩ፤ ስትወጣ የለበሰችው ምን ነበር?" አሉ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሞጣ ጊዮርጊስ በሚነግሥበት ቀን ሁሉ እርሳቸው ዘንድ ሄጄ እውላለሁ። ስለ ልጃቸው ብዙ አናወራም።

ዘሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለችልኝ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤት እንደገባች፣ እዚያ ሁሉም በእኔ ስም እንደሚጠሯት፣ በሰላም እንዳለች ነገረችኝ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ትደውላለች። ስለ ኳስ ስጠይቃት መጫወት መተዋን ትነግረኛለች። እርሷም ስለ ቢቸና ሜዳ፣ ስለ ልጆቹ፣ አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች። እናቷ ስልክ የላቸውም፤ በጎረቤት ስልክ እንድታገኛቸው ብነግራትም በምን አፌ እያለች ሳትደውል ቀርታለች።

እኔ ጉልበቴ ስላልተመለሰልኝ መጫወት አልቻልኩም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ታዳጊ ሴቶችን አቶ ደምለውን እየረዳሁ አሰለጥናለሁ። ዘንድሮ ከዚያው ውድድር ዳግመኛ ግብዣ ሲመጣ አቶ ደምለው ረዳት ሆኜ እንድሄድ ስሜን አስገቡልኝ። የልጆቹ ዕድሜ በሙሉ ትክክል ነው፤ እያንዳንዱን ወረቀት ያጣራሁት እኔ ነኝ። የራሴን ጉዳይ በተመለከተ፣ አምስት ዓመት አልፎታል፣ ማን ያስታውሰዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። መሄድ ፈልጌ ነበር። ሜዳውን ማየት፣ ከተቻለም ዘሪቱን ማግኘት ፈልጌ ነበር።

ሰኔ 26 ቀን 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፓስፖርት ለማውጣት ስንቀርብ የሌሎቹ ሁሉ ሲያልቅ የእኔ ዘገየ። መዝገቡን ያየችው ሠራተኛ፣ "ወይንእሸት ስጦታው በ1999 ወጥታለች፤ አልተመለሰችም። አንቺ ማን ነሽ?" አለችኝ። እኔ ነኝ ብላት የሚያሳምን ነገር አልነበረኝም። ወረቀቴ እዚያው ተይዞ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አባቴ መሪጌታ ስጦታው ነገሩን በተመለስኩ ቀን ከእኔ አፍ ሰሙ። አልተቆጡም። መጽሐፋቸውን አጥፈው፣ "ልጄ፣ ስም ከመቃብር በላይ የሚውል ነው፤ አንቺ ገና በሕይወትሽ አወረስሽው" አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ የክርስትና ስሜን ጠርተው፣ "ወለተ ገብርኤልነትሽን ግን ማንም አልወሰደብሽም" አሉ።

ከፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ የተላከው ደብዳቤ ለቢቸና ፖሊስ ደርሶ ሐምሌ 9 ቀን አቶ ደምለው ሲያዙ ለምን በዚያው ቀን እውነቱን አልተናገርሽም ተብዬ ስጠየቅ፣ መጀመሪያ በፍርሃት ነው። በማግስቱ ግን ልናገር ወስኜ ነበር። ያን ቀን ለአቶ ደምለው ስንቅ የሚያመላልሱት ባለቤታቸው ወ/ሮ ይርጋነሽ መጥተው፣ ልጆቹ ዓባይን ሳይሻገሩ አፍሽን እንዳትከፍቺ ብሎሻል አሉኝ። ነገሩ በፖሊስ መዝገብ በቡድኑ ስም ከተመዘገበ የልጆቹ ቪዛ ይታገዳል ብለው ሰግተው ነው። አቶ ደምለው አንዲት ቃል ተናግረው መከላከል ሲችሉ ዝም ብለው ታስረው ቆዩ። ልጆቹን ይዛ እንድትሄድ የተተካችው የሞጣዋ መምህርት ሰብለ ወንጌል ናት። ሐምሌ 19 ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሄጄ አሥራ ስድስቱንም አንድ በአንድ ስሜ ሸኘኋቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ያን መንገድ ሁለት ጊዜ የቡድኑ አውቶቡስ ሄዶበታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቻለሁ። አውቶቡሱ ወደ ደጀን አቅጣጫ ታጥፎ እስኪሰወረኝ ቆሜያለሁ። ቅዳሜ ሐምሌ 21 ቀን ሰብለ ወንጌል ደውላ መግባታቸውን ነገረችኝ። በዚህ ረገድ ጥፋት ካለ የእኔም ነው፤ አውቄ ዘግይቻለሁ።

ዘሪቱ አሁን የት እንዳለች ታውቂያለሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎን አውቃለሁ። ትላንት ሐምሌ 23 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ደውላልኛለች። የቡድኑን መምጣት ሰምታ ከምትኖርበት ከተማ ስድስት ሰዓት በባቡር ተጉዛ ጨዋታውን ልታይ እንደመጣች ነገረችኝ። ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ልጆቹ በእኛ አገር አነጋገር ሲጠራሩ ሰማች። ጨዋታው ሲያልቅ አንዲት ተጫዋች ሐበሻ መሆኗን አይታ ቀረበቻትና፣ እትዬ፣ ስምዎ ማን ነው ብላ ጠየቀቻት። ዘሪቱ እነግራታለሁ ያለችው የእኔን ስም ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን የራሷ ሆነ። "ዘሪቱ ነኝ፣ የሞጣዋ፣ የውበቴ ልጅ" አለቻት። ልጅቱ የእናቷ ጎረቤት ሆና ተገኘች። እማማ ውበቴን አውቃቸዋለሁ፣ ደጃቸው ላይ ነው ያደግሁት አለቻት።

ከዚያም ዘሪቱ የአቶ ደምለውን መታሰር ከሰብለ ወንጌል ሰምታ፣ የሆነውን ሁሉ በእጇ ጽሑፍ ጽፋ ፈርማ ሰጥታታለች። ቡድኑ ሐምሌ 30 ቀን ሲመለስ ወረቀቱ ለዚህ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ለምትኖርባት አገር መንግሥትም ትክክለኛ ስሟን ለማስታወቅ ወስናለች። ይህን እንድታደርግ ለምነሻት ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አይደለም። እንዲያውም ቢመልሱሽስ፣ ተይው፣ ስሜን ያዢው፣ ለእኔ ካሁን በኋላ ምን ያደርግልኛል አልኳት። እርሷ ግን፣ "ወይኔ፣ እናቴ የምትጠብቀው ዘሪቱን ነው" አለችኝ። ወይኔ እያለች የምትጠራኝ እርሷ ብቻ ናት። ከዚህ በኋላ ስልኩ ተዘጋ። የስልክ ቁጥሯን በፈቃዷ ለመዝገቡ ሰጥቻለሁ።

በዘሪቱ ላይ ክስ አለሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ የለኝም። ወስዳብኝ ሳይሆን ሰጥቻት ነው። ናፍቃኛለች። ጉዳዩ ሲጣራ የሚደርስብኝን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ አቶ ደምለው ግን ባልሠሩት ወንጀል እንዳይጠየቁ አመለክታለሁ። ዛሬ ከዚህ እንደተሰናበትኩ የ5 ሰዓቱን አውቶቡስ ይዤ ሞጣ እሄዳለሁ። ወ/ሮ ውበቴ ስለ ልጃቸው ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ እኔ ልነግራቸው ይገባል። ፖሊስ ቢፈልገኝ እስከ ነገ ማታ እርሳቸው ዘንድ እገኛለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦልኛል። የተጨመረብኝም የተቀነሰብኝም የለም፤ እውነት መሆኑን አረጋግጬ በገዛ ስሜ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ወይንእሸት ስጦታው
ቃሉን የተቀበለው ሰው ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ሰማው ይስማው
ሐምሌ 24 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቢቸና
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 4፡25