የወይዘሮ ሸዋአየሁ የጥግ ጠረጴዛ

ዶክተር ገበያው ጡረታ ሲወጡ እግራቸው አብሮ ጡረታ አልወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደምበል ጀርባ ካለው ቤታቸው ተነሥተው ወደ ካዛንቺስ ይወጣሉ። ለምን እንደሚሄዱ የጠየቃቸው ሰው ካለ «ሐኪም ተራመድ ብሎኛል» ይላሉ፤ እውነቱ ግን ናፍቆት ነው። ሰፈሩ ፈርሶ በቦታው ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና ሣር ተተክቷል። እሳቸው ግን የወይዘሮ ሸዋአየሁ ግሮሰሪ የቱ ጋ እንደነበረ ካልፈለጉ ቅዳሜው ቅዳሜ አይሆንላቸውም።

ግሮሰሪዋ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ጣውላ፣ ዱለቷ ደግሞ ስሙ የተጠራ ነበር። የጥጉ ጠረጴዛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበረች፤ ሐሙስ ማታ ሌላ ሰው ቢቀመጥባት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ራሳቸው መጥተው ያስነሡት ነበር። ዶክተር ገበያው በወጣትነታቸው በጠረጴዛዋ ጫፍ ጀምረው በስተርጅና ራስጌዋ ላይ ደርሰዋል። ቤቲቱ ስትፈርስ ጓደኞቻቸው ኦሎምፒያ አጠገብ ወዳለ አንድ ሆቴል ዞሩ፤ እሳቸውም አብረው ዞሩ። ልባቸው ግን እዚያች ጣውላ ላይ እንደቀረ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ከመንገዱ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ዐረፍ ብለው ሳለ አንዲት ሻሽ የጠመጠመች፣ የላፕቶፕ ቦርሳ ያነገተች ወጣት በፊታቸው አለፈችና ተመልሳ መጣች። ሪሐና ነበረች። ማስተርሷን ስትሠራ አስተምረዋታል፤ አሁን እሳቸው ባስተማሩበት የዩኒቨርሲቲው ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ዶክትሬቷን ልትጨርስ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ካስተማሯቸው መካከል በጣት ከሚቆጥሯቸው ጎበዞች አንዷ ናት፤ ይህን ግን ፊት ለፊት ነግረዋት አያውቁም። በእሳቸው ዘመን ማመስገን ተማሪ ያባልጋል ይባል ነበር።

«ዶክተር! ጤናዎት እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ ተቀመጪ። ከየት ነው?»

«ከባምቢስ አካባቢ። እዚያ አንድ አማካሪ ድርጅት ሥራ ሰጥቶኛል። ረቡዕ ይደውሉልኛል፤ በቃ፣ እሺ ልላቸው ነው።»

ዶክተር ገበያው መነጽራቸውን አወለቁ። «የመምህርነቱ ቦታስ? አመልክተሻል አይደል?»

«አመልክቻለሁ። ማመልከቻዬን አነሣለሁ። ዶክትሬቴን እጨርሳለሁ፤ ማስተማሩን ግን ትቼዋለሁ፣ ዶክተር።»

ሽማግሌው አዘኑ፤ ማዘናቸውንም እንደ ልማዳቸው በቁጣ ገለጡት። «ይኸው! ለዚህ ነው እኔ የምናገረው። መምህርነት ጽናት ይጠይቃል። ትንሽ ሲከብድ ወደ ቢሮ መሮጥ!»

ሪሐና አልተቆጣችም። የነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ቂርቆስ ሱቅ አላቸው፤ የተቆጣን ሰው ቀስ ብሎ ማብረድ ከዚያ ተምራለች። «ዶክተር፣ ካላስቸገርኩዎት አንድ ነገር ልጠይቅ? የድኅረ ምረቃ ሴት ተማሪዎች ያቀረብነውን ሐሳብ ተቃውመዋል ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ማክሰኞ በስብሰባውም እቃወማለሁ።»

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሴቶቹ የጠየቁት ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ነባር መምህራን አብረዋቸው እንዲቀመጡ ነው፤ ጽሑፋቸውን እንዲያዩላቸው፣ የማስተማር ልምምዳቸውን እንዲሰሙላቸው፣ ስለ ሥራና ስለ ነፃ ትምህርት ዕድል እንዲነግሯቸው። ለሚያጠቡ እናቶችም አንዲት ክፍል። ዶክተር ገበያው ጡረታ ከወጡም በኋላ በአማካሪነት ስብሰባ ይገባሉ፤ እሳቸው የተቃወሙት ነገር ደግሞ በዚያ ክፍል ብዙ ዕድሜ የለውም።

«እኔ ሴት አልጠላም» አሉ ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ነገር ግን እኛን ማን ደገፈን? ማንም! በራሳችን ነው የወጣነው። ድጋፍ ሰው ያሰንፋል። ደግሞ ለእናንተም አይበጅም፤ ነገ ተቀጥራችሁ ስትገቡ ‹በድጋፍ የገባች› ትባላላችሁ። ለክብራችሁ ብዬ ነው።»

«የመጨረሻው እኔንም ያሰጋኛል» አለች ሪሐና። «አልዋሽዎትም። ግን... ማለቴ፣ እስቲ ይንገሩኝ። መጀመሪያ ክፍል ገብተው ሲያስተምሩ እንዴት ነበር?»

ይህን ጥያቄ ለዶክተር ገበያው ማቅረብ የቧንቧ ውኃ እንደ መክፈት ነው። ፊታቸው በራ።

«ወይ ያ ጊዜ! ይኸውልሽ፣ በዋዜማው ማታ እዚችው ነበርን፤ እንግዲህ አሁን ሣሩ ያለበት መሆን አለበት። ነፍሱን ይማረውና ጋሽ ካሕሳይ፣ መምህሬ፣ ‹ተነሥና እኛን አስተምረን› አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ተነሣሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ካርታውን ግድግዳ ላይ በጣቴ ስሥል ‹ለግድግዳው ነው የምታስተምረው? ዙር!› ብሎ ጮኸብኝ። ባልደረባችን ገለታ ደግሞ ስፈጥን በቆርኪ ጠረጴዛውን ይመታል። ላቤ እስኪወርድ አስለፉኝ። በማግሥቱ ክፍል ስገባ ምንም አልፈራሁም።»

«ደስ ሲል! የመጀመሪያ ጽሑፍዎስ?»

«እሱማ ጉድ ነው! ገለታ አንብቦት ‹ይሄ ጽሑፍ ሳይሆን ቀረርቶ ነው› አለኝ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንቀጽ በአንቀጽ በተኑት። ተኳርፈን፣ ታርቀን፣ መልሼ ጻፍኩት፤ ታተመ።»

«ውጭ የተማሩበት ዕድልስ?»

«ጋሽ ካሕሳይ ነዋ የነገረኝ! ከሚላኩት አንድ ሰው ቀርቷል፣ ነገ ጠዋት ወረቀትህን ይዘህ ድረስ አለኝ። ያን ማታ ባልመጣ ኖሮ...»

ዶክተር ገበያው ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሪሐናም አልጨረሰችላቸውም። አስተዋይ ሰው የሌላውን ሐሳብ ነጥቆ አይናገርም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። በብስክሌት መስመሩ ላይ ሁለት ልጃገረዶች እየተሳሳቁ አለፉ።

«ጨዋታ ነበር» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ጓደኛሞች ነበርን። ድጋፍ ብሎ የጠራው ሰው የለም።»

«እኛም ስሙን አንጠላም፣ ዶክተር። ጨዋታ ይባል። በቀን ይሁን ነው ያልነው።»

«ታዲያ ለምን አልመጣችሁም? በሩ ክፍት ነበር! አማካሪሽ ታዲዎስ ራሱ ‹ነይ› ብሎሻል፤ እኔ እያለሁ ነው ያለሽ።»

«መጥቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ቤቲቱ ሳትፈርስ። ዶክተር ታዲዎስ ‹የጽሑፍሽን ድራፍት ይዘሽ ሐሙስ ማታ ነይ፤ እዚያው እናየዋለን› አሉኝ። ከልዩ ጋር መጣን። ልዩን ያውቋታል፣ አሁን የወለደችው። በሩ ላይ ስንደርስ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ‹ቆንጆዎቹ፣ ማን ይጋብዛችሁ?› አለን። ሌላው ዋጋ ጠየቀን። ዶክተር፣ ካዛንቺስ ማታ መጠጥ ቤት በር ላይ የቆመች ሴት ምን እንደምትባል እርስዎ ያውቃሉ።»

ዶክተር ገበያው ያውቁ ነበር። በዚያ በር ስንት ዓመት ሲገቡ ሲወጡ እነዚያን ሴቶች አይተዋል፤ ነገር ግን በእነሱ ቦታ ተማሪያቸው ቆማ ትታያለች ብለው ጭራሽ አስበው አያውቁም።

«በመስኮት አየናችሁ» ቀጠለች። «አብሮን የሚማረው ያብስራ ተነሥቶ እያስተማረ፣ እናንተ እየሳቃችሁ። እንዴት እንደቀናሁ! ተመለስን። ድራፍቴ ተነብቦ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።»

«ብትገቢ እኮ ለስላሳ ትጠጪ ነበር» አሉ ዶክተሩ፤ ከአፋቸው እንደወጣም አፈሩ።

ሪሐና ግን ከልቧ ሳቀች። «ለስላሳውንስ ልጠጣ። ሙስሊም ነኝ፣ አባቴን ደግሞ ግማሹ ካዛንቺስ ያውቃቸዋል። ‹ልጅህን ቢራ ቤት አየናት› ሲሏቸው ‹ጥናት ላይ ነበረች› ይበሉ?» ከዚያ ሳቋን አቆመች። «የመምህርነቱ ቦታ መውጣቱንም ያብስራ ነው ቀድሞ የሰማው። እኔ ማስታወቂያውን ያየሁት ሊዘጋ ሲል ነው፤ እየሮጥኩ አስገባሁ። ለውድድሩ የሙከራ ትምህርት እንሰጣለን። እሱ ስንት ሐሙስ ተለማምዷል፤ እኔ የተለማመድኩት መስታወት ፊት ነው። ያብስራ ጎበዝ ነው፣ አልቀናበትም። ግን ደከመኝ፣ ዶክተር። ቢሮው ቢያንስ ሥራውን በቀን ነው የሚሠራው።»

ለያብስራ ስለ ቦታው የነገሩት ዶክተር ገበያው ራሳቸው ነበሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለነበር ብቻ ነው። ዓይናቸውን ወደ ሣሩ መለሱ። ያቺ ጠረጴዛ ስትናፍቃቸው የኖረችው ሰው ስላደረገቻቸው ነበር፤ ያለ እሷ መንገድ የጠፋበትን ሰው ግን ቆጥረው አያውቁም። ልባቸው ተነካ፣ ዓይናቸውም እርጥበት ያዘ፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ማመልከቻሽን አታንሺ» አሏት። «እስከ ረቡዕ ታገሺኝ። እለምንሻለሁ።»

ማክሰኞ በስብሰባው ላይ ሰዉ የሚጠብቀውን የተቃውሞ ንግግር ለመስማት ተዘጋጅቶ ነበር። ዶክተር ገበያው ተነሡና «ሐሳቡን እደግፋለሁ» አሉ። ዶክተር ታዲዎስ ብዕሩ ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ድጋፍ ያሰንፋል ብለው አልነበረም?»

«ብያለሁ። ይህን ስል ግን እኔ ራሴ ሁሌ ሐሙስ ማታ ስደገፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አልሰነፍኩም፤ እንዲያውም እሱ ነው ያሠራኝ። ‹በድጋፍ የገባ› ያለኝም የለም፣ ስሙ ጨዋታ ስለነበረ። እንግዲህ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እዚህ ቤት መምህር የሚሆነው ፈተና ያለፈ ሁሉ አይደለም። ጽሑፉን የሚያይለት፣ ሲሳሳት የሚቆጣው፣ ቦታ ሲከፈት የሚነግረው ያገኘ ነው። ይህን ሁሉ መጠጥ ቤት ወስደን፣ ማታ አድርገን፣ ሴቶቹን ‹ለምን አልመጣችሁም› እንላለን።»

«ታዲያ የእኛ ሐሙስ ሊቀር ነው?» አለ ታዲዎስ፣ እንደ መሳቅም እንደ መስጋትም እያለ።

«ሐሙስማ ይኑር! እኔን ልትገድሉኝ ነው? መጫወቻ ይሁን። ሥራው ግን በቀን፣ በግቢያችን ይሁን። የሥራና የትምህርት ዕድል ወሬም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳይለጠፍ ጠረጴዛ ላይ አይወራ። ምን እናተርፋለን ብትሉ፣ በየዓመቱ ደክመን አስተምረን ለቢሮ የምንሸኛቸው ጎበዞች እዚሁ ይቀራሉ። ጽሑፍ ክረምት ሳያልፍበት ይነበባል። አንደኛ ዓመት የምትገባ ልጅ ፊት ለፊቷ የቆመች ሴት መምህር አይታ ‹ይህ የእኔም ነው› ትላለች። እናት የሆነችውም በልጅዋና በምርምሯ መካከል አትመርጥም። እኛስ? እኛ ሽማግሌዎቹም አዲስ ሰው እናገኛለን፤ እርስ በርሳችን የምናወራውን እኮ ጨርሰነዋል።»

ሳቅ ሆነ፤ ሐሳቡም አለፈ። ለእናቶቹ የታሰበችው ክፍል ግን ዕቃ ስላለባት ለጊዜው አልተገኘችም፤ ዶክተር ገበያው አንድ ሁለት ቢሮ ሄደው ተሟግተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ተስፋ ግን አልቆረጡም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ በስብሰባ አዳራሹ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ልዩ ሕፃንዋን ታቅፋ በጎን ተቀመጠች። ሪሐና ለሙከራ ትምህርቷ ያዘጋጀችውን፣ የከተማ ውኃ ከየት መጥቶ ለማን እንደሚደርስ የሚለውን፣ ማቅረብ ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «አይሰማም!» አሉ ዶክተር ገበያው ከኋላ፣ እንደ ጋሽ ካሕሳይ ጨክነው። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ልዩ ጥያቄ አቀረበች፤ መልሱ አላጠገባትም፣ ተከራከሩ። ታዲዎስ ሳይቀር እጁን አወጣ።

በዚህ መሐል የሪሐና ስልክ ጠራ። የዶክተር ገበያው ክፍል ውስጥ ስልክ የጠራበት ሰው የሚደርስበትን ሁሉም ስለሚያውቅ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሪሐና ቁጥሩን አየችውና እሳቸውን ቀና ብላ አየች። የባምቢሱ ድርጅት ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

ስልኩን አነሣችው።

«አቤት... አዎ፣ ነኝ። አመሰግናለሁ፣ ግን አልመጣም። ይቅርታ፣ አሁን እያስተማርኩ ነው።»