ሄሊኮፕተር የሚመጣበት ፊልም

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ወደ ሙርዋይክ ሰፈር በሚሄደው ትራም ውስጥ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ማሌዥያዎች በቋንቋቸው የሠሩትን የወታደር ፊልም አየሁ። አገራቸው ውስጥ ሲኒማ ቤቱ ሞልቶ ወንበር ጠፍቶ ነበር አሉ። እኛም በአማርኛ እንሥራ። እርስዎ የድሮ ወታደር ነዎት፣ ያማክሩኛል።»

«ታንኩን ከየት ታመጣለህ?»

«ለእነሱ ጦር ሠራዊቱ ነው ያዋሳቸው።»

«አንተ እንግዲህ ይቺን ትራም ተዋስ።»

«ተዋናይ ግን ሞልቷል፤ የማኅበራችን ልጆች አሉ።»

«ስንቱ ነው ኮሎኔል የሚሆነው?»

«ሁሉም ኮሎኔል ካልሆንን ብለዋል።»

«እንግዲያው የማኅበር ስብሰባ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም።»

«ለዚህ ነው የለመንኩዎት። የቆሰለውን ወታደር እርስዎ ይሁኑልኝ። ጓዶቹ ጥለውት አይሄዱም፤ ሄሊኮፕተር ይመጣለታል። እኔ እንኳ ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው።»

«ይመጣለታል?»

«ይመጣለታል።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «በጣም ጥሩ ፊልም ነው። እኛ ያኔ ግንባር ላይ ኮዳ ውሃ አጠገቡ አስቀምጠንለት ነው የሄድነው።»

«ማን አጠገብ?»

«መውረጃችን ደርሷል፣ ደወሉን ተጫን።»

ልጁ ደወሉን ትቶ ወደ እሳቸው ሲዞር ጊዜ እኔ ተጫንኩላቸው።