የሐጂ ማንጎ

የሸዋ ሮቢት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ኳስ የሚያባርሩት አስፋልቱ ላይ ነው። ባለፈው አንዱን ሲኖትራክ ለጥቂት ሳተው። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ደንግጠን ማጥኛና መጫወቻ ቦታ ልንከራይላቸው መዋጮ ጀመርንና እኔ ባለማንጎው ሐጂ ዘንድ ተላክሁ። «ሐጂ፣ ለልጆቹ ትንሽ ሰደቃ ቢሰጡን...» ከማለቴ ቱግ አሉ። «እኔማ በየቀኑ እየሰጠሁ ነው! አጥሬን ዘለው ማንጎዬን ራሳቸው ያረግፉት የለም እንዴ!»

አለቀልኝ ብዬ ልወጣ ስል የግቢያቸውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። «መግባታቸው ላይቀር በበር ይግቡ። ምን ኪራይ ያስፈልጋል? ጥላው ይበቃቸዋል» አሉኝ። ይኸው አሁን ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ማንጎው ስር ያጠናሉ፣ ይጫወታሉ። ትናንት ግን ሐጂ እንደገና ቱግ ብለው ጠሩኝ። «ምን ብላችሁ ነው ያስፈራራችኋቸው? ወላሂ፣ ማንጎዬ መሬት ላይ እየበሰበሰ አንድ የሚሰርቀኝ ልጅ ጠፋ!»