በአሥራ አምስተኛው ወር

ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት መሰጠት በተጀመረ በቀጣዩ ዓመት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አቶ ውባንተ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ ክትባት ሊያመጡ ሰሊጥ ከጫነ አይሱዙ ጋቢና ተሳፈሩ። አቶ ውባንተ በመተማ፣ ከኮኪት ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ሃያ ስምንት ዓመት ክትባት የሰጡ የጤና ረዳት ናቸው። በጎልማሳነታቸው የክትባቱን ሳጥን በትከሻቸው አንግተው በዚያ የቆላ ሙቀት ከእርሻ እርሻ ሲዞሩ ያላያቸው የለም። ሕዝቡ ያከብራቸዋል፤ እርሳቸውም መከበራቸውን ያውቃሉ። የክትባቱን ጊዜ ከልደት ጀምሮ እስከ ዘጠነኛው ወር በቃላቸው ይወጡታል። በዘጠነኛው ወር ካርዱ ላይ «ጨርሷል» ብለው ይጽፉና እናቲቱን መርቀው ያሰናብታሉ።

ጥቂት እንደ ሄዱ አንዲት ወጣት ከተበላሸ ሞተር ብስክሌት አጠገብ ቆማ እጇን አነሣች። ሾፌሩ አምባው መኪናውን አቆመላት፤ ሞተሩን ባጠገቡ ላለ የእርሻ ሠፈር ዘበኛ አደራ ሰጥታ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠች። ስርጉት ትባላለች። በነርስነት ተመርቃ የአካባቢውን የክትባት ሥራ እንድትከታተል የተመደበች ልጅ ናት።

«ጋሼ ውባንተ አይደሉም? እኔን እኮ የከተቡኝ እርስዎ ነዎት» አለች ጎንበስ ብላ እጅ እየነሣች።

አቶ ውባንተ ደስ አላቸው። «እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ በዚህ ፀሐይ ምን ፍለጋ ትንከራተቻለሽ?»

«ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ እየዞርሁ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ከክትባቱ ጋር የላክነው የመጨረሻው ማስታወቂያ ደርሷል ወይ? ማንስ አነበበው? እርስዎ ዘንድ ለነገ አስቤ ነበር። ደርሶዎታል?»

«ደብዳቤስ ይደርሰናል» አሉ እየሳቁ። «ከፍሪጁ ሥር ካርቶን ሙሉ አለ። ፖስታው እንደ ታሸገ ነው።»

«ሳይከፍቱት?»

«ስሚ ልጄ፤ እናንተ ሳትወለዱ ጀምሬ እከትባለሁ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ በየወሩ አንድ ወረቀት ይጽፋል። የስብሰባ ወረቀት፣ የሪፖርት ወረቀት። እሱን ሳነብ ብውል ሕፃኑን ማን ይከትበዋል?»

«እውነትዎን ነው፣ የማይረባም ወረቀት ይላካል» አለች ስርጉት በትሕትና። «ዳሩ ግን ከእነዚያ መካከል አንዱ የመጋቢቱ ደብዳቤ ነው። ኩፍኝ በዘጠነኛው ወር ከተሰጠ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ወር ይደገማል የሚል።»

«ይደገማል?» አቶ ውባንተ ፊታቸውን አዞሩ። «በዘጠኝ ወሩ የሰጠሁት መድኃኒት ውሃ ነበር ማለት ነው?»

«ውሃስ አልነበረም። ነገር ግን በዘጠኝ ወራቸው ከሚከተቡ መቶ ልጆች ዐሥራ አምስት ለሚሆኑት ክትባቱ አይይዝላቸውም። የትኞቹ እንደሆኑ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ለሁሉም ይደገማል።»

«ዛሬ ይህን፣ ነገ ደግሞ ያንን! እንዲህ በየጊዜው እየለዋወጥን እናቶቹ ያምኑናል? ጨርሰሻል ያልኋትን ሴት በምን አፌ ተመለሺ እላታለሁ?»

ስርጉት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከኋላ እንደ ጥይት የጮኸ ድምፅ ተሰማ፤ መኪናው ተንገጫገጨና ቆመ። ጎማው ፈንድቷል። አምባው እየተራገመ ክሪኩን ሊያወጣ ወረደ፤ ሁለቱም ተከትለው ወረዱ።

ከላይ፣ ከሰሊጡ ጆንያ ላይ፣ ከእርሳቸው በፊት የተሳፈረች አንዲት እናት ልጇን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች። ልጁ በደረቁ ይስላል። አቶ ውባንተ ሳሉን ሲሰሙ ልማዳቸው ነውና የመኪናውን ጎን ይዘው ወጡና ነጠላውን ገለጥ አደረጉ። ዓይኑ ቀልቶ በዓይናር ተጣብቋል። ፊቱንና አንገቱን ቀይ ሽፍታ ወርሶታል። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ እየጎደጎደ ይገባል።

«ኩፍኝ ነው!» አሉ። ከዚያም በቁጣ፣ «ምነው ልጄ? ክትባት በነፃ እየተሰጠ ልጅሽን ሳታስከትቢ ለዚህ ታበቂዋለሽ?»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። አየሁሽ ናት፣ ከጤና ጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር ገበሬ።

«እኔ ነኝ ያላስከተብሁት፣ ጋሼ ውባንተ?»

ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አውጥታ ሰጠቻቸው። ከፈቱት። አንዱአምላክ፤ ከተወለደ ዐሥራ ሰባት ወሩ ነው። መስመሩ ሁሉ ሞልቷል። ከታች በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ሰማያዊ ብዕር፣ «ጨርሷል» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ...» አሉና ካርዱን አገላብጠው አዩት።

«በነሐሴ መጥቼልዎት ነበር እኮ» አለች አየሁሽ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ የጮኸች ያህል ግን ተሰማቸው። «ጎንደር ያለች እኅቴ በዐሥራ አምስት ወሩ አንድ ይቀረዋል፣ የኔንም አስከትቤያለሁ ብላ ደወለችልኝ። ዝናብ እየወረደብኝ፣ እሱን አዝዬ መጣሁ። እርስዎም ‹የከተማ ሰው ወሬ አትስሚ፣ ልጅሽ ጨርሷል፣ ሂጂ አረምሽን አርሚ› አሉኝ። እኔም እርስዎን አመንሁ። አሁን ለቀን ሥራ ከደጋ ከወረዱት ሳሉጎች ጋር ኩፍኝ ገባና ልጄን ያዘብኝ።»

አቶ ውባንተ ክው አሉ። ያን ቀን አስታወሱት። ነጠላዋ ርሶ ከበሩ ቆማ ነበር፤ እርሳቸው ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም። የኩፍኙ መድኃኒት በፍሪጁ ውስጥ ነበረ። መርፌውም ነበረ። ሕፃኑም ደጃቸው ድረስ መጥቶ ነበር። የጎደለው ከፍሪጁ ሥር በታሸገ ፖስታ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ካርዱን በላስቲኩ መልሰው ጠቅልለው ለአየሁሽ ሰጧት።

ጎማው ሲቀየር አየሁሽንና ልጇን ጋቢና አስገብተው ራሳቸው ከስርጉት ጋር ከጆንያው ላይ ወጡ። መኪናው ጉዞውን ቀጠለ።

«እኔ ገደልሁት» አሉ አቶ ውባንተ።

«ልጁ ገና በሕይወት አለ፣ ጋሼ» አለች ስርጉት። «ጥፋቱንም ብቻዎን አይሸከሙት። እኛም ፖስታውን ከበረዶው ሳጥን ጋር ወርውረን፣ ደረሰ ብለን መዝግበን እንተኛለን። አነበባችሁት ወይ? ምን ተረዳችሁ? ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ይህን ማጣራት የጀመርነው ኩፍኙ ከገባ ወዲህ ነው። ለእርስዎ ዘግይተናል።»

አቶ ውባንተ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ቅድም እናቶቹ አያምኑንም ብዬሽ ነበር።»

«አስታውሳለሁ። የክትባቱ ጊዜ ስለተለወጠ ግን እምነት አይጠፋም፤ ምክንያቱን ብንነግራቸው ይገባቸዋል። እምነት የሚጠፋው ጎንደር ያለው ባለሙያ አንድ ሲናገር እርስዎ ሌላ ሲናገሩ ነው። አየሁሽ ሁለት ቃል ሰማች፤ የምታውቀውንና የምታከብረውን ሰው መረጠች። የሚታመን ሰው ያልተነገረው እንደሆነ፣ ጉዳቱ ማንም ከማያምነው ሰው ይልቅ የከፋ ነው።»

ይህ ንግግር ከስድብ ይልቅ አንገበገባቸው። ልጅቱ ግን ለማዋረድ እንዳልተናገረችው ገባቸው።

«እንዴት ይሁን ትያለሽ ታዲያ?»

«ለውጥ ሲኖር ደብዳቤው ብቻውን አይመጣም፤ እኔ እደውላለሁ። ኔትወርክ ከሌለ ክትባት ሊወስድ ለሚመጣው ሰው በቃል እነግረዋለሁ፤ የሰማውንም መልሶ ይነግረኛል። አዲሱ የጊዜ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አሮጌው ያን ቀን ይቀደዳል። ማንም በቃሌ አውቀዋለሁ ብሎ አይከትብም።»

«በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ውባንተ ለራሳቸው፣ እንደሚመር ነገር።

አንዱአምላክ ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ገብቶ በኦክስጅን ስምንት ቀን ቆየ። ሕይወቱ ተረፈች፤ የግራ ዓይኑ ብሌን ላይ ግን ነጭ ጠባሳ ቀረ። ሐኪሙ ይህን ሲናገር አቶ ውባንተ ከበሩ አጠገብ ነበሩ። ወደ አየሁሽ ቀረቡ። ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ አየሁሽ አቋረጠቻቸው። «የኔ ሆኗል። ጨርሷል ብለው የላኳቸው ሌሎች አሉ አይደለም? ለነሱ ይድረሱላቸው» አለች፤ ፊቷንም ወደ ልጇ መለሰች።

በማግሥቱ ክትባቱን ይዘው ጤና ጣቢያቸው ገብተው ካርቶኑን ከፍተው ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። መዝገቡን ሲያገላብጡ ከአንዱአምላክ ሌላ አሥራ አምስት ወር አልፏቸው ያልተደገመላቸው ስልሳ ሦስት ሕፃናት አገኙ። የስልሳ ሦስቱንም ስም ጻፉ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው ከሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ልጃችሁ ጨርሷል ያልኋችሁ ሁሉ፣ ተሳስቼ ነው። ለውጡ ተጽፎልኝ አላነበብሁትም። በዚህ የአየሁሽ ልጅ ተጎድቷል። ነገ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መምጣት ላልቻለ እኔ እሄድለታለሁ።»

ከዚያ ሕዝብ መካከል አቶ ውባንተ ተሳሳትሁ ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ከሴቶቹ መካከል ያለቀሱ ነበሩ፤ አንድ አባወራ በንዴት ጥሏቸው ሄደ። እርሳቸው ግን ያን ሰውዬ እንኳ እርሻው ድረስ ሄደው፣ ከማሽላው መካከል አግኝተው፣ ምክንያቱን አስረድተው ሴት ልጁን ከተቡለት። ስርጉት ሞተሯን አሠርታ አብራቸው ዞረች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከስልሳ ሦስቱ ስልሳ አንዱ ተገኙ፤ ሁለቱ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ቋራ ገለጉ ሄደው ስለነበር ስርጉት እዚያ ላለው ባለሙያ ስማቸውን በስልክ አስተላለፈች፤ እሱም ከተባቸው። የቀን ሠራተኞቹ ሠፈር በኩፍኝ ሲታመስ በእነዚያ ስልሳ ሦስት ቤቶች አንድም ልጅ አልተያዘም።

እንግዲህ የክትባት ለውጥ በጊዜው ሲነገርና ሲነበብ ጥቅሙ ይህ ነው። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ጊዜው አያልፍበትም፤ እናት በዝናብ መጥታ ባዶ እጇን አትመለስም፤ ጎንደርና መተማ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ሕፃኑም በክትባት ሊመለስ ከሚችለው በሽታ ይድናል። ነጋሪው ተነግሯል ብሎ አይተኛ፤ ተነጋሪውም አውቀዋለሁ ብሎ ፖስታውን አሽጎ አያስቀምጥ።

አቶ ውባንተ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አዲስ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ቆመው፣ ጮክ ብለው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያነቡ ነበር። አንድ ጊዜ አንብበው ሲጨርሱ አንዲት አዲስ ነርስ «ገባን ጋሼ» አለቻቸው።

«ምን ገባሽ? ንገሪኝ» አሏት፤ ነግራቸው እስክትጨርስም አልተቀመጡም።